የጋሽ ጋይም ድረ ገጽና የተዛወረችው ቆርኪ

ወላሂ፣ ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ያላመነ ሰው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ዌስት ሴንት ፖል፣ ጋሽ ጋይም ቤት ሄዶ ጋራዡን ያስከፍት፤ ያን ዕለት ለቅሶ ደራሾች ያመጡት የታሸገ ውሃ እስከ ዛሬ ተጠጥቶ አላለቀም። ሰዎች ባህሩዲን ቀጣፊ ነው ይላሉ። ቀጣፊዎቹስ እነሱ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለ ተማርኩ፣ ሲደመር ዐሥራ ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ ማለት ነው። የዐሥራ ስድስተኛ ክፍል ሰው ደግሞ አይዋሽም፤ ቢዋሽም በማስረጃ ነው።

እንጀራዬ ቫን መንዳት ነው። አዛውንቶችን ከየቤታቸው አንሥቼ ሚኒያፖሊስ ወዳሉት ክሊኒኮች አደርሳለሁ። ከደንበኞቼ አንዱ ጋሽ ጋይም ናቸው፤ የሰባ ሁለት ዓመት ኤርትራዊ፣ በአማርኛ የተማሩ፣ ከእኔ የተሻለ አማርኛ የሚናገሩና ይህንንም በየማክሰኞው የሚያስታውሱኝ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከጉልበታቸው የባሰ የሚያማቸው ግን ሌላ ነበር፤ ስሙም ኣንዶም ይባላል።

ጋሽ ጋይምና ጋሽ ኣንዶም መሀል ሚኒያፖሊስ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። አንዲት የመስታወት ክፍል፣ አንዲት ማሞቂያ፣ በካርቶን ላይ የተሣለ አንድ ዳማ። መጫወቻቸው የለስላሳ ቆርኪ ነበር። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ቀን ጋሽ ጋይም ለማሸነፍ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ስልክ ተደወለላቸውና ወጣ አሉ። ሲመለሱ አንዲት ቆርኪ ከነበረችበት ቤት ወደ ጎን ሄዳለች።

«አንተ ነህ ያዛወርካት» አሉ ጋሽ ጋይም።

«ነፋስ ነው» አሉ ጋሽ ኣንዶም።

«መስታወት ቤት ውስጥ የምን ነፋስ አለ?»

«ካንተ አፍ የሚወጣው!»

በቃ። ከዚያ ወዲያ አንዱ አፕል ቫሊ፣ ሌላው ዌስት ሴንት ፖል፣ የሃያ ደቂቃ መንገድ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ዝምታ። ሠርግ ላይ ሲገናኙ እንኳ አንዱ ሌላውን እንደ ወንበር ያልፈዋል።

ባለፈው ጥር፣ በረዶው የመኪና በር በማያስከፍትበት ማክሰኞ፣ ጋሽ ጋይም ቫኔ ውስጥ ገብተው ቀበቶ ሳያስሩ ተቀመጡ።

«ምነው ጋሽ ጋይም?»

«ኣንዶም ሊሄድ ነው። አሪዞና፣ ልጁ ዘንድ። በሚመጣው ሳምንት ጠቅልሎ ይሄዳል አሉ።»

«ታዲያ ይደውሉላቸዋ!»

«እኔ? በዳዩ እሱ፣ ደዋዩ እኔ? ኣንታ ባህሩ፣ አንተ ሰው ስታስታርቅ ነው ስታባላ የኖርከው?» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ለመስኮቱ ይመስል፣ «እንዲያው ሳልጠራው ቢመጣ» አሉ። «አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ይሂድ።»

እኔ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ። አንጀቴ ሲንሰፈሰፍ ደግሞ አፌ ይከፈታል። «ድረ ገጽ እንሥራልዎ!» አልኩ።

የማይረባ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ሰሞን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት በነጻ የሚሰጥ የድረ ገጽ ትምህርት ጀምሬ ነበር። አስተማሪዋ ሜቲ ናት፤ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ትሠራለች፣ የሦስት ልጆች እናት ናት፣ ቅንድቧን ብቻ ከፍ አድርጋ ሰው ታርማለች። ሁለት ቅዳሜ ተምሬያለሁ። ሦስተኛው ቅዳሜ ይቀረኛል፤ እሱ ስለ ማረም ነው ብለውኝ ስለ ነበር ብዙም አላሳሰበኝም።

«ገጽ ማለት ሳይጠሩ መጥራት ነው» አልኳቸው ጋሽ ጋይምን። «እርስዎ አልደወሉም። እሳቸው ግን ስምዎን ያያሉ፣ ፎቶዎን ያያሉ፣ ልባቸው ይባባል፣ ይመጣሉ።»

«እኔም አልጠራሁህም እለዋለሁ?»

«እንዴታ! ማን ጠራህ ይሏቸዋል።»

ጋሽ ጋይም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀበቷቸውን ሳልለምናቸው አሰሩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ከፍተን ተቀመጥን። ባለቤታቸው እትዬ ኣክበረት የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ፤ ሊወጡ ጫማ እያሰሩ ነበር። «ባህሩ ያለበት ነገር በደህና አያልቅም» ብለው ወጡ። እኔ በሰው ትንቢት አላምንም።

እናንተም የመጀመሪያ ገጻችሁን ልትሠሩ ካሰባችሁ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ፤ የሜቲን ምክር በደብተሬ ጽፌዋለሁ፣ እኛ ያደረግነውን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለቱን አስተያዩ።

ሜቲ፣ «ፎቶ አንድ ይበቃል፤ ግን የምትስቁበት ይሁን፣ ሰው እናንተን ሲያይ ሰላም ሊላችሁ እንዲያምረው» ብላለች። ጋሽ ጋይም አንድ ፎቶ አመጡ። ዜግነት ሲወስዱ የተነሡት ነው፤ ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ክራቫት፣ ፊታቸው እንደ ዳኛ።

«ፈገግ ያሉበት የለም?»

«ፎቶ ላይ የሚገለፍጥ ሰው ሥራ ፈት ነው።»

ፎቶው ከበስተ ኋላው ነጭ፣ ገጹም ነጭ፤ ሲገናኙ ጠርዙ ጠፋ፣ ጋሽ ጋይም በረዶ ውስጥ የቆሙ መሰሉ። ስለዚህ ዙሪያውን ጥቁር መስመር አደረግሁለት። ቴምፕሌቱን፣ ማለትም የገጹን ዝግጁ ቅርጽ፣ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በነጻ ከሚሰጡት ውስጥ በየማዕዘኑ ነጭ አበባ ያለበትን። ሜቲ «ጌጥ አታብዙ» ብላ ነበር። እኔ አበባ ጌጥ ነው ብዬ አላሰብኩም፤ አበባ አበባ ነው።

ቀጥሎ ጽሑፉ። ሜቲ ያለችው እንዲህ ነው፦ «ሰው ፊት ለፊታችሁ ቆሞ ማን ነህ ቢላችሁ እንደምትመልሱት ጻፉ። እኔ እንዲህ ነኝ፣ ይህን እሠራለሁ፣ ይህን እወዳለሁ።»

ጋሽ ጋይም ይህን ስነግራቸው በጣም ተቆጡ። «እኔ፣ እኔ፣ እኔ! ሰው ስለ ራሱ እንዲህ ይደነፋል? ማነው ያሳደገው ይሉኛል!»

«ታዲያ ማን ይናገርልዎ?»

«ሌላ ሰው የጻፈው አስመስለህ ጻፍ። እኔ እነግርሃለሁ።»

ተነሥተው ቆሙ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንዲህ አስጻፉኝ፦ «አቶ ጋይም በአስመራ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሚገባ ተከታትለዋል። ወደ አሜሪካ ከመጡ በኋላ በሚኒያፖሊስ ከተማ ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት በቅንነትና በታማኝነት አገልግለዋል። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ናቸው። በትዕግሥታቸው፣ በሰው አክባሪነታቸውና በዳማ ችሎታቸው በወዳጆቻቸው ዘንድ ይታወቃሉ።»

እየጻፍኩ፣ ይህን ነገር የት ነው የሰማሁት እያልኩ ነበር። ብዙ ቦታ የሰማሁት መሰለኝ፣ ሁልጊዜም ቆሜ። ግን አልመጣልኝም።

«አሁን አድራሻ» አልኩ። ሜቲ ኢሜይል ብቻ አስቀምጡ፣ የቤት አድራሻ ለዓለም አይበተንም ብላ ነበር። ጋሽ ጋይም «ኣንዶም ኢሜይል ውስጥ ሊገባ ነው እንዴ የሚመጣው?» አሉና የቤታቸውን ቁጥር ከነጎዳናው አስጻፉኝ። ሥሩም፦ «እሑድ ከቀትር በኋላ ቤቱ ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ ክፍት ነው።»

በመጨረሻ ሰዎች አስተያየት የሚጽፉበትን ቦታ ከፈትኩ። ሜቲ «ለጀማሪ ይዘጋ» ብላለች። በር የተዘጋበት ገጽ ምን ይባላል? ግድግዳ ነው እንጂ! ደግሞም «ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት ምንም ለማያውቅ ሌላ ሰው አሳዩት» ብላ ነበር። ምንም የማያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ ብዬ፣ ራሴ አየሁት፣ ወደድኩት፣ ፖስት አደረግሁት።

ዓርብ ጋሽ ጋይም ደወሉ። «ስንት ሰው አየው?»

«ሁለት።»

«ማን ማን?»

«አንዱ እኔ በስልኬ። ሌላው እኔ በላፕቶፕ።»

ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ሜቲ ትምህርት ልወጣ ስል፣ ደግሞ ደወሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል። «ተወው ባህሩ። ዐሥራ አንድ ዓመት በእግሩ ያልፈለገኝ ሰው በኮምፒውተር አይፈልገኝም። ረቡዕ ይሄዳል፣ አለቀ።»

ይህ እኔንም ትምህርቴንና ምሳዬን አስተወኝ። ሜቲ ገጽ ብቻውን እግር የለውም፣ ሼር አድርጉት ብላ ስለ ነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ባለበት የማኅበረሰቡ ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። አንድም ቃል አልጨመርኩም። ከዚያ ሓድሽ የሚባል ሰው ከዴንቨር ገባና የመጀመሪያውን አስተያየት ጻፈ፦ «ነፍስ ይማር። ደግ ሰው ነበሩ።»

ያን ጊዜ ነው ያን ጽሑፍ የት እንደ ሰማሁት የመጣልኝ። የቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ! ጥቁር ኮት፣ ጥቁር መስመር፣ ነጭ አበባ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፣ የቤት አድራሻ፣ ቤቱ ክፍት ነው… ከሣጥኑ በስተቀር ምን ቀረው?

በሌላው አገር ቢሆን አንዱ ስልክ አንሥቶ «ኧረ እውነት ነው ወይ?» ይል ነበር። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይጠየቅም። ባልሽ ሞቷል አሉ ልክ ነው ወይ ብሎ ማን ይደውላል? መርዶ ሊሆን አይደል! ያወቀው ሁሉ ዝም ብሎ ጥቁሩን አወጣ፣ ውሃውን ገዛ፣ እሑድን ጠበቀ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ ገጹን ሳየው አራት መቶ ሰው ገብቷል። ቫኔን አስነሥቼ በረርኩ። ወላሂ፣ ከዋናው መንገድ፣ ከሮበርት ስትሪት ጀምሮ መኪና እንደ ዶቃ ተሰክቷል። በረንዳው ላይ የነበረው በረዶ፣ ማንም ጨው ሳይበትንበት፣ በእንባ ቀልጧል። የውሃ ካርቶን መስኮት ደርሷል። በረዶ ሲያነሣ የነበረው ነጭ ጎረቤታቸው፣ ጋሽ ጋይምን ሃያ ዓመት ሙሉ «ጂም» ሲላቸው የኖረው፣ ማሽኑን አጥፍቶ ኮፍያውን አውልቆ «ኦ፣ ጂም!» እያለ ይነፈርቃል።

እኔ ስደርስ እትዬ ኣክበረትም ከሥራ ደረሱ፣ በሁለት እጃቸው አስቤዛ ይዘው። ሴቶቹ እንዳዩዋቸው እሪ አሉ። እትዬ ኣክበረትም ማን እንደ ሞተ ሳያውቁ አስቤዛውን ወርውረው አብረው እሪ አሉ። ትክክል ናቸው፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ኋላ ይጠየቃል። ደረታቸውን ደጋግመው ከመቱ በኋላ አጠገባቸው ያለችውን፣ «ማን ነው፣ ልጄ?» አሏት።

«ጋሽ ጋይም!»

የእትዬ ኣክበረት ለቅሶ ቆመ። «የቱ ጋይም? የኔው? ሰውዬው ዋና ሄዷል እኮ! ለጉልበቱ ዋና ታዞለት፣ ጠዋት ፎጣዬ የት አለ እያለ ሲነዘንዘኝ ነበር!»

«አይዞሽ፣ አይዞሽ» ብለው ግራና ቀኝ ያዟቸው። «ድንጋጤ ነው። እንዲህ ያደርጋል። ውሃ ስጧት።»

«ዋና ሄዷል ነው የምላችሁ!»

«ወይኔ፣ አልገባትም! ጨምሩላት ውሃ!»

እኔ ወደ ጋራዡ ዞርኩ። ምክንያቱም ጋሽ ጋይም ሁልጊዜ በጋራዥ ነው የሚገቡት። እውነትም ጭንቅላታቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ክሎሪን ክሎሪን እየሸተቱ፣ የውሃው ክምር መሀል ቆመዋል። መኪናቸውን ማዶ ሰፈር አቁመው ነው የመጡት፤ ቦታ አጥተው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ባህሩ! ኣክበረት ናት?» አሉ።

«እሳቸው ደህና ናቸው!»

«ታዲያ ማን ሞተ?»

«እርስዎ።»

«እኔ?»

«አዎ። በድረ ገጽ።»

የምመታ መስሎኝ አንድ የውሃ ካርቶን እንደ ጋሻ ያዝኩ። ጋሽ ጋይም ግን አልመቱኝም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ኣንዶምስ?» አሉ። «መጥቷል?»

በሳሎኑ በር ስንጥቅ አየሁ። አንዱ ያንን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ ጠረጴዛ ላይ አቁሞታል። ከፊቱ፣ በዱላ የተደገፉ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ጋሽ ኣንዶም ቆመዋል።

«መጥተዋል።»

«ያለቅሳል?»

«ከሁሉም የባሰ።»

«እንግዲያ ትንሽ እንቆይ» አሉ ጋሽ ጋይም፤ ፎጣውን አስተካክለው ጆሯቸውን ከበሩ አስጠጉ።

ጋሽ ኣንዶም ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እጃቸውን ወደ ፎቶው ዘርግተው፣ «ጋይም ወንድሜ!» አሉ። «ረቡዕ ልሄድ ነበር። ሳልሄድ እመጣለሁ ስል፣ እሱ ይደውል ስል፣ ቀደምከኝ! ይኸው ሰው ሁሉ ይስማኝ። ነፋስ አልነበረም! ያችን ቆርኪ ያዛወርኳት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!»

ስለ ምን ቆርኪ እንደሚያወሩ ያወቀ አልነበረም፤ ግን ከባድ ኃጢአት እንደሆነ ሁሉም ገባው።

ያን ጊዜ ከጋራዡ በር በኩል ድምፅ መጣ፦ «ወደየት ነው ያዛወርካት?»

«ወደ ግራ» አሉ ጋሽ ኣንዶም ሳይዞሩ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «ወደ ግራ አንድ ቤት።»

«ብዬ ነበር!» አሉ ጋሽ ጋይም ሳሎን ገብተው። «ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ግራ ብዬ ነበር!»

ከዚያ የሆነውን መናገር አልችልም። በአንዲት በር አርባ ሰው ባንድ ጊዜ ሲወጣ አይቼ የማውቀው ያን ዕለት ብቻ ነው። ጎረቤቱ በረዶው ላይ ተንበረከከ። እትዬ ኣክበረት ብቻ ቁጭ እንዳሉ፣ በሰባተኛው ብርጭቆ ውሃ ላይ፣ «ዋና ሄዷል አላልኳችሁም?» አሉ።

ጋሽ ኣንዶም ዱላቸውን አነሡ። «አንተ ክፉ! ሞተሃል ተብዬ ከአፕል ቫሊ እስከዚህ ያፈሰስኩትን እንባ መልስልኝ!»

«አልጠራሁህም» አሉ ጋሽ ጋይም። ይህችን ከማክሰኞ ጀምሮ ሲለማመዷት ሰንብተዋል። ግን ስትወጣ ተሰበረች። ፎጣው ወደቀ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እዚያው ፎቶው ፊት ተቃቀፉ፣ ዱላው መሀላቸው ተሰክቶ። የወጡት ሰዎች ቀስ በቀስ በመስኮት እያዩ ተመለሱ፤ ለለቅሶ የመጣውም ምግብ ለዕርቅ ሆነ። ከውሃው ካርቶን አንዱን ቀደን ዳማ ሠራን። ቆርኪው የፕላስቲክ ነበር፣ ግን ይሄዳል።

ሜቲም ለቅሶ መጥታ ኖሯል። ስልኳን ከፍታ ገጹን ካየች በኋላ ቅንድቧን አነሣች። «ባህሩ፣ ሳታሳዩ ፖስት አታድርጉ ብዬ አልነበረም?»

«ሦስተኛውን ቅዳሜ አልተማርኩማ!»

ጋሽ ኣንዶም ረቡዕ መሄዳቸው አልቀረም፤ ቤታቸው ተሽጧል፣ ትኬቱ ተቆርጧል። እስከዚያ ግን ሦስቱንም ቀን ከዌስት ሴንት ፖል አልጠፉም። ገጹም ዛሬ አለ። አበባው ወጥቷል፣ ጥቁሩ መስመር ወጥቷል፣ ፎቶው ያን እሑድ የተነሣ ነው፤ ጋሽ ጋይም ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው እንደ ሥራ ፈት ይገለፍጣሉ። የመጀመሪያው መስመር «እኔ ጋይም ነኝ። አለሁ» ይላል። ሜቲ እንዳለችው ነው፤ ለዚያ ግን መሞት ነበረባቸው። አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ ላይ ደግሞ በየቀኑ አንድ እርምጃ ይጻፋል፤ አንድ ቀን ከሚኒሶታ፣ አንድ ቀን ከአሪዞና። ትናንት ጋሽ ኣንዶም የጻፉት፣ «ግራ አንድ ቤት። በሕጉ!» ይላል።

አሁን ደብተሬን ከመዝጋቴ በፊት አንድ ነገር ላስተካክል። ውሃው እውነት ነው። የቀለጠው በረዶ እውነት ነው። ጂም ብሎ ያለቀሰውም ሰውዬ አለ፣ ጠይቁት። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ፈጥሬያለሁ፦ ሓድሽ የሚባል ሰው ዴንቨር የለም። ሊኖር ይችላል፣ እኔ ግን አላውቀውም። «ነፍስ ይማር» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ገጹ እግር እንዲያወጣ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቫኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ምሳዬን ሳልበላ። ለጋሽ ጋይም እንዳትነግሩብኝ፤ ማክሰኞ ቀበቶ አላስርም ይሉኛል።